የነዳጅ ጋን ውስጥ ውሃ ሲገባ፦ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ፊልትሮው

ባለፈው ነሐሴ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት እንደጀመርኩ ኮሮላዬ መንተባተብ ጀመረች። ነዳጅ ስረግጥ ትደነቃቀፋለች፣ ሳላላላት ትረጋጋለች። ጠዋት የማደያው ሰልፍ ረዝሞብኝ ከመንገድ ዳር በጄሪካን የተቀመጠ 10 ሊትር ቤንዚን ገዝቼ ነበር። ዝናቡና ብርዱ ይሆናል ብዬ ገፋሁባት። ዳገቱ መሀል ላይ ጠፋች። ከዚያ ባትሪው እስኪደክም ቁልፉን አዞርኩ፣ እሱም ሁለተኛው ስህተቴ ነበር። በማግስቱ ከጋኑ ስር የቀዳነውን ጠርሙስ ውስጥ ስናየው ከታች ሦስት ጣት የሚሆን ጥርት ያለ ውሃ ተኝቷል።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ይህ የደረሰባቸው ሰዎች ሲጠሩኝ አብሬ እየሠራሁ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን የምትኖሩ ሰዎች ጥሩ ጋራዥ ሩቅ ሲሆንባችሁ፣ ማደያው ሲሰለፍ፣ ክረምቱ ሲበረታ ይጠቅማችኋል። በተረፈ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያሉንን መኪኖች አስታምመን ማቆየት ግድ ሆኗል።

ውሃ ለምን እንዲህ ያስቸግራል

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ከ820 እስከ 860 ግራም፣ ቤንዚን ደግሞ ከ720 እስከ 770 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው ሁልጊዜ ከስር ይተኛል። የነዳጅ ፖምፓው የሚስበውም ከጋኑ ስር ነው። ጋኑ 40 ሊትር ጥሩ ቤንዚን ቢኖረውም ቀድሞ ሞተር የሚደርሰው ከታች ያለችው አንድ ሁለት ሲኒ ውሃ ናት። ዳገት ስትወጡ፣ ስትታጠፉ፣ ፍሬን ስትይዙ ውሃው ከወዲያ ወዲህ ስለሚንቀሳቀስ መኪናው አንዴ ደህና አንዴ በሽተኛ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ምልክቱ

ሞተሩ ይቆራርጣል፣ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ሚኒሞ አይቆምም፣ ጉልበት ያጣል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል። ይህ ሁሉ ግን ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላ ሲያረጅም ይመጣል። የሚለያቸው ጊዜው ነው። የካንዴላ ችግር ቀስ በቀስ ይብሳል። የውሃ ችግር ግን ድንገት ነው፤ ከተቀዳ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይኬድ፣ ወይም ከከባድ ዝናብ፣ ከጎርፍ፣ ከላቫጆ በኋላ ይጀምራል። ኮምፒዩተር ብታስነብቡት ፒ0300 ወይም ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉ ኮዶችን ያወጣል። እነዚህ ኮዶች ሲሊንደር ውስጥ ማቃጠሉ ተቆራርጧል ማለት ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱን አይናገሩም። ያንን ይዘው ኮይል ገዝተው፣ ካንዴላ ቀይረው ገንዘባቸውን ከጨረሱ በኋላ ጥፋቱ ጋኑ ውስጥ የተገኘባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጠርሙስ ነዳጅ ቀድታችሁ እዩ።

ናፍጣ መኪና ላይ ነጭ ጭስና የጉልበት ማነስ ይታያል። አዳዲሶቹ ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያ) ውሃ መብራት አላቸው፤ ያ መብራት ሲበራ እስከ ነገ አይቆይም።

መጀመሪያ፦ አቁሙ፣ አታዙሩት

ምልክቱን እንዳያችሁ ዳር ይዛችሁ አራቱን ፍሬቻ አብሩና ሞተሩን አጥፉ። ከጠፋ በኋላ ቁልፉን ደጋግማችሁ ባዞራችሁ ቁጥር ፖምፓው ውሃውን ወደ ፊልትሮው፣ ወደ ቱቦውና ነዳጅ ወደሚረጩት ኖዝሎች ይገፋዋል። ጋኑ ውስጥ ብቻ ቢሆን በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ የግማሽ ቀን ይሆናል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ይቃጠላል። የግድ መሞከር ካለባችሁ ከ10 ሰከንድ አትለፉ፣ በመሀሉም ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት።

ለናፍጣ ይህ ምክር ሳይሆን ትእዛዝ ነው። የናፍጣ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ውሃ ደግሞ አያለሰልስም። ኮመን ሬይል የሚባለው የአሁኑ ናፍጣ ሞተር ከ1,500 ባር በላይ ግፊት ይሠራል። እዚያ ውስጥ የገባ ውሃ ብረቱን ይፍቃል፣ የኖዝሉን ጫፍም እንፋሎት ሆኖ ይሰብረዋል። አስጎትቱት።

ቦታውን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትሰልቹ፤ ከጋን ነዳጅ ሲያወጡ ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች ስላሉ ነው።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል እንጂ ወደ ላይ በንኖ አይጠፋም። ስለዚህ ቆርቆሮ በተዘጋ ግቢ፣ ጉድጓድ ባለበት ጋራዥ፣ ጋሬጣ በከበበው ጥግ አትሥሩ። ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። ግቢው ውስጥ ቡና ተፈልቶ ከሆነ ከሰሉ ፈጽሞ ይጥፋ፤ እንጀራ እየተጋገረ ከሆነ ሥራው ይቆይ። የጎረቤትንም ምጣድ ጠይቁ፣ አጥሩ ትነቱን አያግደውም። ሲጋራ የለም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ንቀሉ። የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ አሸዋ በእጅ ርቀት ይሁን፤ የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ያሰፋዋል።

ነዳጁን የሚቀበለው ጄሪካን መሬት ላይ ይቀመጥ። በእጅ ተንጠልጥሎ ወይም ምንጣፍ ባለው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲቀዳበት የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ በቂ ነው።

በአፍ መሳብ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። ሁላችንም ሲደረግ አይተናል፣ ብዙዎቻችንም አድርገነዋል። አንድ ጉንጭ ቤንዚን ወደ ሳንባ ካለፈ ከባድ የሳንባ ቁስለት ያስከትላል። ዋጥ ያደረገ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ አታስገድዱት፣ ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባው የሚገባው፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት። በእጅ የሚጨመቀው የላስቲክ ፓምፕ ከመርካቶ በቀላሉ ይገኛል፤ አንድ ለሰፈሩ ይበቃል።

ናሙና መቅዳትና ማየት

መኪናው ቢያንስ ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ሳይነቃነቅ ይቁም። ውሃው ተሰብስቦ ስሩ እንዲተኛ ነው። ከዚያ ከጋኑ ስር አንድ ጠርሙስ ቅዱ። ከላይ የተቀዳ ናሙና ምንም አይነግራችሁም፣ ጥሩው ነዳጅ ያለው እዚያ ነው።

ጥርት ያለ የመስታወት ጠርሙስ ይሻላል። ከሌለ የሃይላንድ ፕላስቲክም ለምርመራ ያህል ይሆናል፤ ነዳጅ ማስቀመጫ ግን አታድርጉት። ግማሽ ሰዓት አቁሙትና ወደ ብርሃን ይዛችሁ ተመልከቱ። ውሃ ካለ ከታች መስመር ሠርቶ ይለያል። ናፍጣ ከሆነ ውሃው ገና ሳይለይ ነዳጁ ደፍርሶ እርጎ እርጎ ሊመስል ይችላል።

የታችኛው ንጣፍ ውሃ መሆኑን ለማረጋገጥ በውሃ የሚሟሟ የምግብ ቀለም ትንሽ ጣል አድርጉበት። ቀለሙ ቤንዚኑን አልፎ ወርዶ ከታች ያለውን ብቻ ቀለም ያስይዘዋል። መስመር ሳይኖር ነዳጁ ሽታውና መልኩ የተለየ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ላምባ ተቀላቅሎበት ይሆናል። ላምባ ከቤንዚን አይለይም፣ ማስቀመጥም አያጠራውም፣ ሁሉንም ማውጣት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል የሚባል አልኮል ቤንዚን ላይ የተቀላቀለባቸው ዓመታት ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ቤንዚን ጥቂት ውሃ ይሸከማል፤ ልኩ ሲያልፍ ግን ኤታኖሉ ከውሃው ጋር አብሮ ወደ ታች ይወርዳል። ያኔ ላይ የቀረው ቤንዚንም የቀድሞው አይደለም። ኤታኖል እንዳለበት የምታውቁት ነዳጅ ከተለየ የላዩን ለማትረፍ አትሞክሩ።

ማውጣት

መንገዱ እንደ መኪናው ይለያያል።

ከጋኑ ስር ቡሎን ያላቸው፦ የቆዩ ላንድክሩዘሮች፣ ፒካፖችና የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ መካኒኮች ሳልባትዮ በሚሉት ጋን ስር የማስወጫ ቡሎን አላቸው። ለእነዚህ ሥራው ቀላል ነው። ሌሊቱን ያደረውን መኪና ሳትነኩ ጠዋት ዕቃ ደቅናችሁ ቡሎኑን ቀስ ብላችሁ አላሉት። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ዝገትና ጭቃ፣ ከዚያ ንጹሕ ነዳጅ ይመጣል። ንጹሑ መውረድ ከጀመረም በኋላ አንድ ሁለት ሊትር ይፍሰስ። የቡሎኑን ማተሚያ ቀለበት ቀይሩ፤ የድሮው መልሶ ሲገባ ያንጠባጥባል።

ቡሎን የሌላቸው፦ ቪትዝ፣ ኮሮላና የመሳሰሉት የቤት መኪኖች ላይ ከነዳጅ መሙያው በኩል ቱቦ ብትከቱ አብዛኛውን ጊዜ ስሩ አይደርስም። በብዙዎቹ ሞዴሎች ከኋላ ወንበር ሥር ክዳን አለ፤ እሱን ስታነሱ የፖምፓው ራስ ይታያል። ይህ እጁ ለለመደ ሰው የሚሠራ ነው፤ ካላመናችሁ መካኒክ ጥሩና አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የፖምፓው ፊውዝ ይነቀላል፤ ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ ራሱ እስኪጠፋ ይሠራና በቱቦው ያለው ግፊት ይወርዳል። ከዚያ የባትሪ ኔጌቲቭ ይነቀላል። ቱቦው ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞ ቀስ ተብሎ ይፈታል። የክዳኑ ዙሪያ አቧራ ይጠረጋል፤ ሱሉልታ ላይ ይህን የረሳ ሰው ውሃ አውጥቶ አፈር ያስገባል። ፖምፓው ይወጣል፣ ስሩ በእጅ ፓምፕ ይመጠጣል፣ የቀረችው እርጥበት ክር በማይለቅ ጨርቅ ትጠረጋለች። የፖምፓው ራስ ጓርኒሲዮን (ማተሚያ ላስቲክ) ነዳጅ ጠጥቶ ስለሚያብጥ አዲስ ይግባ።

የብረት ጋን ውስጡ ዝጎ ካያችሁ ማውለቅና ማጠብ ግድ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምነው፦ ባዶ ጋን አታስበይዱ። ነዳጁ የወጣለት ጋን ሙሉ ከሆነው ይልቅ አደገኛ ነው፣ ውስጡ ትነትና አየር ተቀላቅሎ ስለሚቀር። ቀዳዳ ካለው ይቀየር፣ ወይም ጋን አጽድቶ መበየድ ሙያው ለሆነ ሰው ይሰጥ።

ናፍጣ ላይ የፊልትሮው ውሃ

ችግሩ ቀላል ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚህ ያልቃል። ከፊልትሮው ስር በእጅ የምትላላ ማስወጫ አለች። ዕቃ ደቅኑ፣ ጥቂት ዙር አላሉት፣ ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ግፉ፣ መልሳችሁ ዝጉ። ከዚያ የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ግፉና አየሩን አስወጡ። ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ከወጣ ውሃው ቆይቷል ማለት ነው። ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ያ አተላ የእነሱ ነው። ያኔ ጋኑ ራሱ ካልታጠበ በየሳምንቱ ፊልትሮ ስትቀይሩ ትኖራላችሁ።

አልኮል ጨምርበት የሚሏችሁ

ምክሩ ከየትም አልመጣም። ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ቤንዚን ውስጥ ያለችን ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይዞ በሞተሩ እንድታልፍ ያደርጋል። ነገር ግን ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ የሚለው አልኮል ቀሪው 30 በመቶ ውሃ ነው። አረቄማ ግማሹ ውሃ ነው። ውሃ ለማውጣት ውሃ እየጨመራችሁ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ በዓይን የሚታይ መስመር ካለ አልኮል አይፈታውም፤ ናፍጣ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትጨምሩ።

ከጋኑ ወዲያ ያለው

ጋኑ ከጸዳ በኋላ ፊልትሮ ይቀየራል፤ ይህ አይታለፍም፣ አሮጌው ወረቀት ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ካርቡራተር ያላቸው መኪኖች የካርቡራተሩ ሳህን ስሩ ባለች ቡሎን ይፈስሳል። ኢንጀክሽን ከሆነ ቱቦው ውስጥ የቀረው ነዳጅ ከሞተሩ በፊት ተፈትቶ ወደ ዕቃ ይለቀቃል። ካንዴላዎቹ ይወለቁ፣ ይድረቁ። ከዚያ ከሌላ ማደያ የተቀዳ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይግባ። የነቀላችሁትን ፊውዝና የባትሪ ገመድ መልሳችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ፤ ፖምፓው ቱቦውን እንዲሞላ ነው። አሁን አስነሱት። ለጥቂት ደቂቃ መቆራረጡ አይቀርም፤ ቀስ እያለ ካልጠራ ግን አቁሙ።

የወጣው ነዳጅ የት ይግባ

ቦይ ውስጥ አይደፋ። የአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ይወጣባቸዋል፣ በዳር ያለን ሰዎች ደግሞ በየግቢያችን ጉድጓድ አለን። ክዳን ባለው ጄሪካን ጻፉበትና የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ።

ጎረቤት «ለላምባ ምድጃዬ ስጠኝ» ብሎ ቢጠይቅ፣ እናት ብትሆን አባት፣ አክብራችሁ እምቢ በሉ። ቤንዚን ላምባ ምድጃ ወይም ኩራዝ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። የልጆች ቃጠሎ ከዚህ ይመጣል።

በየት ገባ?

ብዙ መካኒክ «ጋኑ አላበው ነው» ይላል። እኔ ይህን በሒሳብ አየሁት። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። ጋናችሁ 30 ሊትር ባዶ ቦታ ቢኖረው፣ ያ አየር ሁሉንም እርጥበት ቢጥል ግማሽ ግራም፣ ወደ አሥር ጠብታ ነው። ወር ሙሉ በየሌሊቱ ቢደጋገም እንኳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ለዓመት የቆመ መኪና ላይ ላብ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በየቀኑ የሚነዳ መኪና ውስጥ የተገኘ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ግን ከሌላ ነው የመጣው። ላብ ነው ተብላችሁ ከተለያያችሁ ውሃው በሚቀጥለው ወር ይመለሳል።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እዩ። የነዳጅ ክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ተሰንጥቋል? ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅና በፌስታል የተወተፈ መኪና በየመንገዱ አለ፤ አንድ የነሐሴ ዝናብ ይበቃዋል። መሙያው አፍ ዙሪያ ዝናብ የሚያስወጣው ትንሽ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ ውሃ ያቁራል? ላቫጆ ላይ በግፊት ውሃ ክዳኑ ፊት ለፊት ይመታል? ጎርፍ አቋርጣችኋል? ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ከተቀዳው ነዳጅ ነው።

የጄሪካን ነዳጅ የግድ ከሆነባችሁ ግማሽ ሰዓት መሬት ላይ አሳርፉት፣ ሳትነቀንቁ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ፣ የመጨረሻዋን አንድ ሊትር ጄሪካኑ ውስጥ ተዉት። እኔ ያን ጠዋት ይህን ባደርግ ኖሮ ዳገቱን እጨርስ ነበር። ዝናብ በጣለ ማግሥት የነዳጅ ቦቴ ማደያ ውስጥ እያራገፈ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ቆይታችሁ ቅዱ፤ ከመሬት በታች ያለው ጋን ስሩ የተኛው ሁሉ ያን ጊዜ ይነቃነቃል።

ጥርጣሬው ማደያ ላይ ከሆነ ናሙናውን አትድፉ። በመስታወት ጠርሙስ አሽጋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል ስለሆነ ስልካችሁ ላይ ያለው መልእክት ቀኑን፣ ሰዓቱንና ገንዘቡን ይዟል፤ አታጥፉት። መጀመሪያ የማደያውን ኃላፊ በትሕትና አነጋግሩ፤ ጋናቸውን ውሃ በሚለይ ቅባት በዘንግ መለካት ለእነሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ካልተግባባችሁ ናሙናውንና መልእክቱን ይዛችሁ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አመልክቱ።

ከተጠገነ በኋላ

የመጀመሪያውን ሳምንት ረጅም ጉዞ አትውጡ። ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ፣ መኪናው ሌሊቱን ባደረበት ጠዋት፣ ሁለተኛ ናሙና ከስር ቅዱና ጠርሙሱን ያው ግማሽ ሰዓት አቁሙት። መስመር ከሌለው ሥራው አልቋል። ቀጭን መስመር ከታየ ፊልትሮውን እንደገና ቀይሩና ወደ ክዳኑ ላስቲክ ተመለሱ፤ የእኔዋ ላይ ከጄሪካኑ ሌላ ላስቲኩም ተሰንጥቆ የተገኘው በዚህ በሁለተኛው ናሙና ነው።